ከዱቡሻ የሮጠው ሰው

ባሌ ካሱ ከዱቡሻ መሃል ተነስቶ ሲሮጥ ግማሹ የመንደራችን ወንድ አይቶታል። ለምን እንደሮጠ የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔን ደግሞ ለማንም ትንፍሽ እንዳልል አስምሎኛል። ምስጢር መጠበቅ አይከብደኝም። የማይረባ ምስጢር መጠበቅ ግን ያቃጥላል።

ዱቡሻን ለማያውቅ ሰው ልንገር። በእኛ በዶርዜ ዱቡሻ ማለት ወንዶች ተሰብስበው ነገር የሚያዩበት ሣር ሜዳ ነው። የተጣላ እዚያ ይታረቃል፣ ድንበሩ የተገፋበት እዚያ ይከሳል። አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። የተጠየቀ ሰው እውነቱን ይናገራል፤ እውነት የደበቀ ሰው ጎሜ ይይዘዋል። ጎሜ የምንለው ነውር የሠራን ሰው ተከትሎ የሚመጣውን መዓት ነው። ከብቱ ይሞትበታል፣ ልጁ ይታመምበታል፣ ወይ ራሱ አልጋ ላይ ይወድቃል። በእኛ መንደር ደግሞ ተጠይቆ ሳይመልስ ከዱቡሻ የተነሳ ሰው ጥፋቱን በእግሩ ተናገረ ይባላል። ካሱ በእግሩ ተናገረ፤ ያውም በሩጫ።

ከሳሹ ታላቅ ወንድሙ ጋሼ አበጋዝ ነበሩ። አባታቸው ሲሞቱ የእንሰቱን ቦታ ለሁለት ተካፍለው መሃሉ ላይ ድንጋይ ተክለዋል። ጋሼ አበጋዝ እዚያው ዶርዜ ቀሩ። እኛ ታች አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ነው የምንኖረው፤ ካሱ ሸማኔ ነው፣ እኔ ገበያ ላይ ጥጥ እሸጣለሁ። ወደ ላይ የምንወጣው ለመስቀልና ለለቅሶ ነው። በ2007 ዓ.ም. የመስቀል በዓል ማግስት ድንጋዩ ከቦታው ፈቀቅ ብሎ ተገኘ። ጋሼ አበጋዝ «ካሱ ነው» አሉ። ካሱ «እኔ አይደለሁም» አለ። በአንድ ገበታ ያደጉ ሁለት ወንድማማቾች መነጋገር አቆሙ።

መነሻው ግን ድንጋይ አልነበረም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ካሱ ሰገራው ላይ ደም ማየት ጀመረ። ሸማኔ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ስለሚውል ኪንታሮት ነው ብሎ ዝም አለ። እየከሳ ሄዶ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ስበሳለት ነው እኔ እየጎተትኩ ሆስፒታል የወሰድኩት። ከዚያ አዲስ አበባ ላኩን። ካንሰር ነው አሉ፤ የትልቁ አንጀት መጨረሻ ላይ። ቆርጠው አወጡት። ለወራት ሆዱ ላይ ከረጢት ተንጠልጥሎለት ቆየ፤ በኋላ አንጀቱ ተመልሶ ተቀጠለና ከረጢቱ ተነሳለት። ዳነ። ይህን ቃል ስጽፈው ዛሬም ደስ ይለኛል።

መዳኑ ግን ጣጣ ይዞ መጣ። የተቆረጠው ሰገራ የሚጠራቀምበት ክፍል ነው ብለውናል። ጎተራው ሲፈርስ እህሉ የት ይቀመጣል? ካሱ ሽንት ቤት ገብቶ ጨረስኩ ብሎ ሲወጣ በሩን ሳይዘጋ ይመለሳል። ሲመጣበት ደግሞ ፋታ አይሰጠውም፤ «መጣ» ሲልና ሲያመልጠው እኩል የሆነባቸው ቀናት ነበሩ። ሽንት ቤቱን ወደ ሽመናው ማምጣት ስላልተቻለ ሽመናውን ነቅለን ሽንት ቤቱ አጠገብ ተከልነው። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ነው የሚሠራው፤ ከዚያ ጉድጓድ ዘሎ ለመውጣት የእኔ ባል ያዳበረውን ፍጥነት ኳስ ተጫዋች አያገኘውም። መወርወሪያው በአንድ በኩል ይወድቃል፣ ካሱ በሌላ በኩል ይጠፋል።

ጎረቤቶች «ሆዱን ታሟል» ከማለት በቀር አያውቁም፤ ስለዚህ ሁሉም መድኃኒት ያመጣል። በአርባ ምንጭ ደግሞ የሽፈራው ቅጠል የማያድነው በሽታ የለም። እኛ ሃለኮ እንለዋለን። አንዷ ጎረቤቴ አበቡ ኩርኩፋውን፣ ተድቦልቡሎ የሚቀቀለውን የእህል ሊጥ፣ በሃለኮ ቅጠል አረንጓዴ አድርጋ አመጣችለት። ሌላዋ ለተቆረጠ አንጀት ቅቤ ነው የሚሻለው ብላ አናቱ ላይ ቅቤ ያፈሰሰችበት ገንፎ አቀረበች። ካሱ ሰው እንዳይቀየም ሁሉንም በላ። በዚያ ሳምንት ሽመናው ላይ ከተቀመጠበት ጊዜ ሽንት ቤት የተቀመጠበት በለጠ።

«ለምን አትነግራቸውም?» አልኩት።

«ምን ብዬ? ፊንጢጣዬ አጠገብ ተቆርጬ ሱሪዬን መያዝ አቃተኝ ብዬ?»

«አዎ፣ እንደዚያው ብለህ።»

«አለሚቱ፣ ጎሜ ነው ይሉኛል። አንድ ነገር ሠርቶ ነው አንጀቱ የተበላው ይላሉ። ለአበጋዝም ቢሆን የሆድ ኦፕሬሽን ነው ያልኩት፤ እንደዚያው ይቅር።» ከዚያ በማርያም አስማለኝ።

እንግዲህ በዚህ ሆዱ ነው መስቀልን ለማክበር ዶርዜ የወጣነው። ቁርጥ ሥጋ አለ፣ በቅቤ የራሰ ቆጮ አለ፣ የሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ አለ፣ ቦርዴ የምንለው የእህል መጠጥ በቅል እየተቀዳ ይዞራል። አልበላም፣ አልጠጣም ማለት ወንድምን መናቅ ነው። በማግስቱ ጠዋት የጋሼ አበጋዝ ቤት በእንግዳ ተሞልቶ፣ ሽንት ቤቱም ተይዞ ካሱ በጭጋጉ ውስጥ ወደ እንሰቱ ሮጠ። እንሰት ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ ሰው ይሸሽጋል። ታላቅ ወንድሙ ግን ጎንበስ ብሎ ያዩት እዚያ ነው፤ ልክ ድንበሩ ላይ፣ ልክ ድንጋዩ አጠገብ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዱቡሻ ሲጠራ ጋሼ አበጋዝ የያዙት ነገር ቀላል አልነበረም። ካሱ ካለፈው ቀን ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ካልበላሁ ምን ይወጣል ብሎ ነው። እዚያ ሲደርስ ግን የሽማግሌዎቹ አለቃ አባባ ደበሌ ከመቀመጣችን በፊት ጉሮሮ እናርጥብ ብለው ቦርዴ አስቀዱ። ባዶ ሆድ ላይ ቦርዴ ገባ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ሜዳው ዳር ቆሜ ፊቱን አያለሁ፤ ሴት ዱቡሻው ውስጥ አትቀመጥም።

ጋሼ አበጋዝ ቆመው ተናገሩ። አልተሳደቡም። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «የመስቀል ማግስት ጠዋት ድንጋያችን አጠገብ ጎንበስ ብለህ አይቼሃለሁ። በአባታችን አጥንት ልጠይቅህ፤ ምን ታደርግ ነበር?»

ካሱ አፉን ከፈተ። እጁ ወደ ኪሱ ሲገባ አየሁ፤ አዲስ አበባ የሰጡትን የሆድ ማቆሚያ ክኒን እየፈለገ ነው። አንዷን አፉ ውስጥ ጣላት፤ አፍታም ሳይቆይ ተነስቶ ሮጠ። ሲመለስ ሰዉ ተነስቶ በቡድን በቡድን ቆሟል። አባባ ደበሌ በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው «ጥያቄው ነው ያስነሳው» አሉ። ከኋላ አንዱ «ሆዱን የያዘው ጎሜ ነው፤ ድንጋዩን የነካ ዕለት ነው የጀመረው» ሲል ሰማሁ። ጋሼ አበጋዝ ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ወደ ታች ስንወርድ በእሱ ተናድጄ ነበር። አንድ ቃል ቢናገር የሚያልቅ ነገር ነበር።

ከዚያ በኋላ የሠራው ከዚያ የባሰ ነው። «ሁለተኛ ሰው ፊት አልሮጥም» አለና ክኒኑን ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ፣ በመሃልም እያሰበ ይውጠው ጀመር። መጀመሪያ ዝም አለለት። ካሱ ደስ ብሎት ቀኑን ሙሉ ሸመነ። ቀጥሎ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ፣ አስመለሰው፣ ፈስ እንኳን እምቢ አለው። የሚሮጥበትን ጊዜ እስክናፍቅ ድረስ ፈራሁ። በባጃጅ ጭኜ ወደ ሆስፒታል ወሰድኩት።

የተቀበለችን ዶክተር እድላዊት የምትባል ወጣት ሐኪም ናት። በአፍንጫው ቱቦ አስገብታ፣ ግሉኮስ ሰቅላ፣ ሆዱ ቀስ በቀስ እስኪከፈት አስተኛችው። ሻል ሲለው ወንበር ስባ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

«ጋሼ ካሱ፣ ይህን ሎፔራማይድ የሚባል ክኒን መቼ መቼ ነው የሚወስዱት?»

«በፊት ሲመጣብኝ ነበር። አሁን እንዳይመጣብኝ።»

«በፊት ሲመጣብኝ ሲሉ?»

«ሆዴ ሲያጉረመርም ነዋ! ክኒን ሲያም አይደል እንዴ የሚዋጠው?»

የቆላ ሰው ክኒንን የሚያውቀው በወባ ነው። ሲያንቀጠቅጥህ ትውጣለህ፣ ሲተውህ ትተዋለህ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አልኩ እኔ፤ ዶክተሯ ሳቋን በእጇ ሸፈነች።

«እሳቸው እንዳሉት ነው» አለች። «ምግብ ሲገባ አንጀት ይነቃል። መድኃኒቱ ቀድሞ ገብቶ ሊጠብቀው ይገባል። ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀር ነው የሚወሰደው። በትንሽ እንጀምራለን፤ መጨመር ካስፈለገ የምጨምረው እኔ ነኝ። እርስዎ በራስዎ ካበዙት አንጀትዎን እንደዚህ ይዘጋዋል፣ ልብዎንም ሊጎዳ ይችላል።»

ሌላም ነገር ጨመረች። ከአንድ የዘር ልጣጭ የተፈጨ፣ ውኃ መጥጦ ሰገራውን የሚያወፍር ዱቄት አዘዘችለት። በሰዓቱ እንዲበላ፣ ሆዱን ባዶ አድርጎ እንዳይውል፣ ቅቤና ዳጣ እንዲቀንስ፣ ቦርዴ እንዲተው፣ ሃለኮውንም ለጊዜው ለአበቡ እንዲመርቅላት ነገረችው። ታች ያለውን ጡንቻ ጨምቆ ይዞ መልቀቅ ተቀምጦም ቢሆን እንዲለማመድ አሳየችው። ካሱ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እንደ ድሮዬ እሆናለሁ?» አላት ግድግዳውን እያየ።

«እንደ ድሮው አይሆኑም፣ ጋሼ። መጥፎ ቀን ይኖርዎታል። ደህናው ቀን ግን ይበዛል።»

አዲስ አበባም ይህንኑ ነግረውን ይሆናል። ያን ጊዜ ግን ካንሰር ከሚለው ቃል በኋላ የተባለውን አንዳችንም አልሰማንም።

መድኃኒቱን እንደታዘዘው ለመውሰድ ያስቸገረን ጾም ነው። ካሱ ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምስም። እኔ ብለምነው አልሰማኝም። የንስሐ አባቱ ቄስ ገብረእግዚአብሔር ግን አንድ ቀን ቤት መጥተው ነገሩን ከራሱ ሲሰሙ «አንተ ልጅ፣ ቅዳሴ እያቋረጥክ ከምትሮጥ መድኃኒትህን ውጠህ፣ ጠዋት እህል ቀምሰህ ቁም። የታመመ ሰው ጾሙ ሌላ ነው» ብለው ገሠጹት። ከዚያ ወዲህ ተከራክሮ አያውቅም።

ለውጡ በአንድ ቀን አልመጣም። ክኒኑ አንዳንዴ በዛ፣ አንዳንዴ አነሰ፤ ዶክተሯ እየቀነሰችና እየጨመረች አስተካከለችው። ዱቄቱ ለመጠጣት የሚያስጠላ ዝልግልግ ነገር ነው፤ ካሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይጋተዋል። ግን ቀስ በቀስ ከሽመናው ጉድጓድ የሚዘለው ቀነሰ። አንድ እሑድ ቅዳሴ እስከ መጨረሻው ቆሞ አስቀደሰ። ሲወጣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ነጠላውን እያስተካከለ መጣ፤ እኔ ግን እንባዬ መጣብኝ፣ አቧራ ገባብኝ አልኩ።

ከፋሲካ በኋላ ከዶርዜ መልእክት መጣ። ጋሼ አበጋዝ ራሳቸው ሽማግሌዎቹን ለምነው ዱቡሻው ዳግም ይጠራ ብለዋል። ያልተመለሰው ጥያቄ ይመለስ፤ ካሱ አሁንም ካልመለሰ ከእንግዲህ በወንድምነት አይፈላለጉም፣ ለቅሶም ቢሆን አይደራረሱም። መልእክቱን ያመጣው ሰው ይህን ሲናገር አንገቱን ደፍቶ ነበር። ካሱ ከአበጋዝ በቀር ወንድም የለውም።

«አሁንማ ትነግራቸዋለህ» አልኩት ሰውዬው ሲሄድ።

«ምን አስለፈለፈኝ? አሁን ቁጭ ማለት እችላለሁ። አልነካሁም እላለሁ፣ አለቀ።»

«ጎንበስ ብለህ ምን ታደርግ ነበር ብለው ነው የጠየቁህ።»

«አለሚቱ፣ ተይኝ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። አንተ መድኃኒቱን አግኝተህ እንኳን በሽታውን ትደብቃለህ!» ብዬ ጮህኩ። ጎረቤት ሰምቶ ይሆናል፤ ይስማ ብዬ ነው የጮህኩት።

በቀጠሮው ዋዜማ ወጥተን አክስቴ ቤት አደርን። ጠዋት ካሱ ክኒኑን ዋጠ፤ ጠብቆ ጥቂት ቆጮ ያለ ቅቤ በላ። ቦርዴው ሲዞር «ሐኪም ከልክሎኛል» ብሎ ቅሉን መለሰ። የካሱ አፍ ስለ ሐኪም ሰው ፊት ሲናገር ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። እኔ በዘንቢሌ ውስጥ ትርፍ ሱሪ ይዤ ሜዳው ዳር፣ እንሰቱ ጥግ ቆምኩ።

አባባ ደበሌ እርጥብ ሣር ይዘው መረቁ። ያለፈው የክረምት ዝናብ ይመስል ምርቃቱ ረዘመ፤ ቀጥሎ ሌላ ነገር ታየ፤ አንዱ ስለ ግጦሽ ተናገረ፣ ሌላው መለሰ። ካሱ ተቀምጧል። ፀሐይ ወጣች፣ ደመና ሸፈናት፣ ካሱ ተቀምጧል። ክኒኑ ሥራውን እየሠራ ነበር። ቀጥሎ ጋሼ አበጋዝ ተነሱ። ከስተዋል፤ ጋቢው ትከሻቸው ላይ ሰፍቷቸዋል።

«የዚያን ቀን የጠየቅኩህን ነው የምጠይቅህ። ሌላ የለኝም» አሉ። «ድንጋዩ አጠገብ ጎንበስ ብለህ ምን ታደርግ ነበር?»

ካሱ እግሩ ሥር ያለውን ሣር ይነቅል ጀመር። አባባ ደበሌ ጠበቁት፣ ጠበቁትና «ልጄ፣ ዛሬም ትሮጣለህ?» አሉት። ከወጣቶቹ መካከል አንዱ ሳቀ።

ያ ሳቅ ይመስለኛል ያስቆጣው። ካሱ ቆመ። እኔ ዘንቢሌን ብድግ አደረግኩ። እሱ ግን እዚያው ነው የቆመው።

«ድንጋይ እየገፋሁ አልነበረም» አለ። «እየተጸዳዳሁ ነበር።»

አሁን ብዙ ሰው ሳቀ። አባባ ደበሌ በትራቸውን አነሱ፣ ዝም አለ።

«ሳቁ፣ እኔም ብሆን እስቅ ነበር» አለ ካሱ። «አዲስ አበባ የተቆረጥኩት ካንሰር ነው። ሰገራዬ ላይ ደም እያየሁ ኪንታሮት ነው ብዬ ዝም ብዬ፣ አንጀቴ ውስጥ እባጭ አድጎ ነው። የአንጀቴን ጫፍ አወጡት። ከዚያ ወዲህ ሲመጣብኝ መያዝ አልችልም። በመስቀል የወንድሜን ቤት ሥጋ በላሁ፣ ጠዋት አላስቆም አለኝ። ባለፈው እዚህ ተነስቼ የሮጥኩትም ለዚያው ነው። ጥያቄውን ፈርቼ አይደለም፤ እዚህ እፊታችሁ እንዳላበላሽ ፈርቼ ነው።» ከኪሱ የክኒኑን እሽግ አውጥቶ ከፍ አድርጎ አሳየ። «ዛሬ የተቀመጥኩት በዚህ ነው። ይህን ሳልውጥ እህል አልቀምስም። ጎሜ ነው የሚል ካለ ይበል። ደብቄያለሁ፣ እሱ ነው ጥፋቴ። ድንጋይ ግን አልነካሁም።»

የሳቀ አልነበረም። ያቺን ጊዜ ባሌን እንዴት እንደወደድኩት መናገር አልችልበትም። ዞር ብዬ ጋሼ አበጋዝን አየሁ። ፊታቸው ዐመድ መስሏል። አንድም ቃል ሳይመልሱ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከዱቡሻው ወጡ። ወደ እንሰቱ ሄዱ።

ሰዉ ሁሉ አጉረመረመ። ጠይቆ፣ መልስ ተሰጥቶት፣ ሳይመልስ ተነሳ! እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። ካሱ አንድ ጊዜ ሽማግሌዎቹን አየ፣ አንድ ጊዜ የወንድሙን ጀርባ አየ፤ ከዚያ እሱም ጥሎ ተከተላቸው። እኔ ጥጉ ላይ ስለነበርኩ ሰማኋቸው።

ጋሼ አበጋዝ የእንሰት ቅጠል ጨብጠው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል።

«ጋሼ» አለ ካሱ።

«ደሙ» አሉ ሳይዞሩ። «ያንተ ደም ቀይ ነበር ወይስ ጥቁር?»

ካሱ ተጠጋቸው። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላቸው።

«አንተን ከከሰስኩህ ወዲህ ነው። ድንጋዩን አይቼው ያንተን እጅ አላየሁም። ወንድሜን በሐሰት ከስሼ ይሆን፣ ጎሜው የያዘው እኔን ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ለዚህ ነው ዱቡሻው ይጠራ ብዬ የለመንኩት። ለሚስቴም አልነገርኩም።»

እኔ መስማት እንጂ መናገር አልነበረብኝም፤ አፌ ግን አመለጠኝ። «ምን ዓይነት ቤተሰብ ውስጥ ነው የገባሁት!» አልኩ። «አንዱ ለአንዱ ይደብቃል፣ ሁለታችሁም ለመቃብር ትደብቃላችሁ!» ታላቅ ወንድሙን እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም። እሳቸው ግን ዞረው አዩኝ፣ ከዚያ ካሱን አዩት፣ ቅጠሉን ለቀቁት፣ ልጅ ሆነው እንደነበረው አንገቱን አቅፈው አለቀሱ።

ወደ ሜዳው ሲመለሱ ሁሉም ሰው ያያል። አንዱ ሽማግሌ «የተነሱ ሰዎች...» ብሎ ሲጀምር አባባ ደበሌ አቋረጡት። «ማን ተነሳ? እኔ ዛሬ የተነሳ ሰው አላየሁም» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሣሩን እያዩ እሺ አሉ። ድንጋዩን ማን እንዳንቀሳቀሰው እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ የበዓል ሰሞን የገባ ከብት ሊሆን ይችላል። የሚጠይቅ የለም።

በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ጋሼ አበጋዝን ይዘን ወደ አርባ ምንጭ ወረድን። ሐኪሞቹ በኋላ ያገኙትን አስቀድሜ ልናገርና አንባቢን አላስጨንቅ፤ ተመሳሳዩ በሽታ ነበር፣ ግን ገና ሥር አልሰደደም። ዶክተር እድላዊት «ቢዘገዩ ኖሮ» ብላ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ቆረጡላቸው፤ ዛሬ ሁለቱ ስለ ሰገራ በጋሞኛ ሲጨዋወቱ እኔ ከቤት እወጣለሁ።

የማልረሳው ግን የዚያን ጠዋት መንገድ ነው። የጋሼ አበጋዝ ሚስት ለእርቁ ብላ ቅቤ የበዛበት ቆጮ አቀረበች። መኪናው ጥሩምባውን ሲነፋ ካሱ ክኒኑ ትዝ ሳይለው በላ፤ የዋጠው ከበላ በኋላ ነው። ቁልቁለቱ መሃል ላይ ግንባሩን ላብ ሲያጠምቀው አየሁ። መኪናው በመንደራችን ሰው ጢም ብሏል።

«ላስቁምልህ?» አልኩት በጆሮው። በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ፤ ያው ሰውዬ ነው፣ በአንድ ቀን አይለወጥም።

ጋሼ አበጋዝ ከፊት ወንበር ዞር አሉ። የወንድማቸውን ፊት አዩ።

«አቁም!» አሉ ሹፌሩን።

«አባት፣ እዚህ ጋ ማቆሚያ የለም፤ መታጠፊያ ነው።»

«ወንድሜ መውረድ አለበት! አንጀቱ የተቆረጠ ሰው ነው፣ መያዝ አይችልም! አቁም አልኩህ!» ብለው ጮኹ፤ መኪና ሙሉ ሰው ሰማ። ሹፌሩ አቆመ።

ቁጥቋጦ እንኳን የሌለበት ገደል አፋፍ ነበር። ካሱ ወርዶ ወዴት እንደሚሄድ ጠፋው። ጋሼ አበጋዝ ተከትለው ወረዱ፤ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ካሱ ራሱ የሸመነላቸው ጋቢ ነው። በሁለት እጃቸው ዘርግተው፣ ጀርባቸውን ለወንድማቸው ሰጥተው በእሱና በመኪናው መካከል ቆሙ። ነፋሱ ጋቢውን ሊገልበው ሲታገል ወጥረው ያዙት።

ከኋላ ወንበር አንዱ አንገቱን አሰገገ።

«ወደ ሐይቁ ተመልከቱ!» አሉ ጋሼ አበጋዝ።

ታች አባያ ተንጣልሎ ይታያል። መኪና ሙሉ ሰው፣ ሹፌሩም ጭምር፣ ፊታችንን አዙረን ካሱ እስኪመለስ ድረስ ሐይቁን ተመለከትን።